ከጅማ ተነስቶ ዝሆን ለማየት፦ ጨበራ፣ ባቢሌ ወይስ ኬንያ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጅማ ነው። የ9 እና የ13 ዓመት ልጆች አሉኝ። ዝሆን በቴሌቪዥን ካልሆነ አይተው አያውቁም። ሰው ሁሉ ባቢሌ ሂድ ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ ገንዘብ ከወጣ አይቀር ኬንያ ወይም ታይላንድ እንሂድ፣ ታይላንድ ልጆቹ ዝሆን ላይ ይቀመጣሉ ትላለች። አንድ ጓደኛዬ መስከረም ላይ ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ ሄዶ፣ ሁለት ቀን አድሮ፣ ፋንድያ ብቻ አይቶ ተመለሰ። ታዲያ የት ልሂድ?»

መልስ፦ ባጭሩ ልመልስና ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ። ጨበራ ጩርጩራ ይሂዱ። ግን ሣሩ እስኪወርድ ይጠብቁ። ባቢሌን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት። ለኬንያ አቅሙ ካለ የባለቤትዎን ሐሳብ «የዝሆን ጆሮ ይስጠኝ» ብለው አይለፉት፤ ልጆቹ ዝሆን ሳያዩ እንዳይመለሱ ከፈለጉ ከኬንያ የተሻለ አማራጭ በቅርብ የለም። ዝሆን ላይ መቀመጡን ግን ይርሱት። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግርዎታለሁ።

በጓደኛዎ ልጀምር። ፓርኩ አላታለለውም፤ ወሩ ነው ያታለለው። መስከረም ላይ የጨበራ ሣር ሰው ይውጣል። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የጠጣ ሣር ነው። አንዳንድ ቦታ ቁመቱ 3 ሜትር ይደርሳል። አንድ ትልቅ ወንድ ዝሆን ደግሞ ትከሻው ላይ ሲለካ ከ3 ሜትር ብዙም አይዘልም። ሴቷና ግልገሎቹ ከዚያ ያንሳሉ። ስለዚህ መንጋው ሃምሳ እርምጃ ርቆ ቆሞ እርስዎ ሣር እያዩ ሊያልፉ ይችላሉ። ድምፁም አያጋልጠውም። የዝሆን መርገጫ ወፍራም ስብ አለው፤ ሲረግጥ ይሰፋል፣ ሲያነሳ ይጠባል። ያን ሁሉ ኪሎ ተሸክሞ የሚሄደው ኮሽ ሳይል ነው። የሚሰማዎት ቅርንጫፍ ሲሰብር ነው፤ አለዚያም ቅርብ ከሆኑ የሆዱ ጉርምርምታ።

ፋንድያውንም ቢሆን ጓደኛዎ ንቆ ባያልፈው ጥሩ ነበር። ዝሆን በቀን እስከ 150 ኪሎ ይበላል። ከበላው ግን ግማሹን እንኳ በቅጡ አይፈጭም። ስለዚህ ፋንድያው ብዙ ይናገራል። አብሮዎት ያለው ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ጎንበስ ብሎ በእንጨት ሲከፍተው ይመልከቱት። ውስጡ ያልተፈጨ የሣር ክር፣ የዛፍ ልጣጭ ቁርጥራጭ፣ አንዳንዴም ሙሉ የሾላ ፍሬ ዘር ይገኛል። ከላይ አብረቅርቆ ውስጡ ሙቅ ከሆነ መንጋው ሩቅ አይደለም። ጥንዚዛዎች ገብተው ከበታተኑት ወይም ላዩ ደርቆ ከተሰነጠቀ ጊዜ አልፎበታል። ስካውቱ ትኩሱን ሲያገኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከዚያ አፈር አፍሶ ወደ ላይ ይበትናል፤ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ለማወቅ ነው። ዝሆን ዓይኑ ደካማ ነው፤ አፍንጫው ግን ሌላ ነገር ነው። ነፋሱ ከእርስዎ ወደ መንጋው የሚነፍስ ከሆነ ጉዞው እዚያው አበቃ ማለት ነው። ወይ ይሸሻሉ ወይ ይመጣሉ። ሁለቱም አይጠቅምዎትም።

ታዲያ መቼ? ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ። በዚያ ወቅት ሣሩ ይደርቃል፣ ብዙ ቦታም ይቃጠላል። ከተቃጠለው ሥር አዲስ ለምለም ሣር ብቅ ይላል። ዝሆኑም ጎሹም ወደዚያ ይወጣሉ። ትንንሽ ጅረቶች ስለሚደርቁ እንስሳቱ ወደማይደርቁት ወንዞችና ወደ ሐይቆቹ ይሰበሰባሉ። ጨበራ ውስጥ እንደ ሻሾና ቡሎ ያሉ ትንንሽ ሐይቆች አሉ፤ ጉማሬም ይገኝባቸዋል። ልጆቹ የገና ሰሞን ወይም የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና እንዳለቀ እረፍት አላቸው። ሁለቱም ትክክለኛው ወቅት ላይ ያርፋሉ። ከዚህ የተሻለ ግጥምጥሞሽ አያገኙም።

ሰዓቱም የወሩን ያህል ዋጋ አለው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ። መሐሉን ዝሆኑ ጫካ ውስጥ ጥላ ይዞ ይቆማል፤ እርስዎም እንደሱ ያድርጉ። ቁርስ በልተን ተጫውተን 4 ሰዓት እንወጣለን የሚል ጎብኚ ብዙ አያይም። ይህን የምለው የእኛን አገር የሽርሽር ባህል ስለማውቅ ነው። ቡናው እስከ ሦስተኛ ካልተጠጣ አንነሳም። ለሁለት ቀን በፔርሙስ ይያዙት።

አሁን ስለ ቦታው። ጨበራ ጩርጩራ የተቋቋመው በ1997 ዓ.ም. ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በኮንታና በዳውሮ መካከል ይገኛል። ስፋቱ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ረጅም መንገድ ነው። ለጅማ ሰው ግን ጎረቤት ነው። ቁልቁል ወደ ጎጀብ ይወርዳሉ፣ ወንዙን ይሻገራሉ፣ ጭዳ ይደርሳሉ፣ ከዚያ ወደ አመያ። አመያ የኮንታ ዋና ከተማ ነው። በሕዝብ ትራንስፖርት እስከ አመያ መድረስ ይቻላል። ፓርኩ ውስጥ ግን ሚኒባስ አያዋጣም፤ ላንድክሩዘር ወይም ሌላ ፎር ዊል መኪና ያስፈልጋል። ጅማ ላይ ከሹፌሩ ጋር ሲዋዋሉ «ፓርኩ ውስጥም ትነዳልናለህ» የሚለውን አስቀድመው ይጨርሱ። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚያ ነው። ሹፌሩ የተስማማሁት እስከ አመያ ነው ይላል፣ ቤተሰቡ ደግሞ እስከ ዝሆኑ ነው ይላል።

ማደሪያው ድሮ ችግር ነበር። ወይ ድንኳን ይዞ መሄድ ነው፣ ወይ አመያ አድሮ በሌሊት መነሳት ነው። አሁን በገበታ ለሀገር የኮይሻ ፕሮጀክት የተሠራው የዝሆን ዳና ሎጅ አለ። ዳውሮ ውስጥ ደግሞ ሀላላ ኬላ ሪዞርት አለ። ሎጁ ምቹ ነው፤ ኪስን ግን ይፈትናል። ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ሌሊት ከበደ ካሉ አንዱን ሌሊት አመያ፣ አንዱን ሎጁ ውስጥ ማደር ይቻላል። የፓርክ መግቢያ ለኢትዮጵያዊ ከውጭ ዜጋው በእጅጉ ያነሰ ነው፤ መታወቂያ ይያዙ። ስካውት ግዴታ ነው። ግዴታ ባይሆን እንኳ ያለ እሱ አይግቡ። ሰውየው ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ብቻ አይደለም። ዓይንዎ እሱ ነው። ደህና ጉርሻ ይስጡት።

ከልጆች ጋር በእግር ስለመሄድ አንድ ነገር ልበል። የ13 ዓመቱ ስካውቱ ከፈቀደ ገላጣ ቦታ ላይ ትንሽ መንገድ ሊሄድ ይችላል። የ9 ዓመቱን መኪና ውስጥ ያቆዩት፤ ረጅም ሣር ባለበት ደግሞ ማንም አይውረድ። ግልገል የያዘች እናት አትቀልድም። ዝሆን ሲቆጣ ሁለት ዓይነት አመጣጥ አለው። አንደኛው የማስፈራራት ነው። ጆሮውን እንደ ሰፌድ ይዘረጋል፣ ራሱን ቀና ያደርጋል፣ ይጮኻል፣ አቧራ ያነሳል፣ ጥቂት ሮጦ ይቆማል። ይሄ «ሂዱልኝ» ነው። ሁለተኛው ጸጥ ያለ ነው። ጆሮው ወደ ኋላ ይለጠፋል፣ ኩምቢው ወደ ውስጥ ይጠቀለላል፣ ራሱ ዝቅ ይላል። ያኔ የምሩን ነው። ከሰው ይፈጥናል፤ ሮጬ አመልጣለሁ ብሎ ነገር የለም። ጆሮ ሲዘረጋ ካዩ ፎቶውን ይተዉትና ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይመለሱ። ወንዱ በዓይኑና በጆሮው መሐል ጉንጩ ላይ እርጥብ መስመር ከወረደበት ደግሞ ፍትወቱ የተነሳበት ወቅት ላይ ነው። ያንን ከሩቅ ይሰናበቱት።

የጨበራ ዝሆኖች ለምን ሰው ይፈራሉ ብለው ልጆቹ ከጠየቁዎት መልሱ እኛው ከተማ ውስጥ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጅማው ሕርማታ ትልቅ ገበያ ነበር። ከከፋና ከደቡቡ የሚመጣው የዝሆን ጥርስ ከቡናውና ከዝባዱ ጋር እዚህ ይሸጥ ነበር። በአባ ጅፋር ዘመን ሲራራ ነጋዴው ጅማን የሚያውቃት በዚህም ጭምር ነው። ዝሆኑ ወደ ኦሞ ሸለቆ ቆላ የተገፋው በጠመንጃውና በእርሻው ነው። አደኑ በእኛም ጊዜ አላቆመም። መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከአዳኞችና ከአዘዋዋሪዎች የያዘውን 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥሏል። የአፍሪካ የሣር ምድር ዝሆን እ.ኤ.አ. በ2021 ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች መዝገብ ገብቷል።

ሌላውም ጎን አለ። በፓርኩ ዙሪያ ያለው ገበሬ ዝሆን ሲባል ፊቱ አይበራም። በቆሎው ሲደርስ ሌሊቱን ማማ ላይ ሆኖ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ እሳት እያነደደ ነው የሚያድረው። አንድ መንጋ በአንድ ሌሊት የዓመት ቀለቡን ሊያጠፋበት ይችላል። መንገድ ላይ ቆመው ሙዝ ሲገዙ ዋጋ ብዙ አይከራከሩ። ቱሪስት ለእሱ ምን እንደጠቀመው ማየት ይፈልጋል።

ወደ ባቢሌ ልምጣ። «ዝሆን የት አለ?» ሲባል ሁሉም ባቢሌ የሚለው ስሙ ቀድሞ ስለወጣ ነው። የባቢሌ የዝሆን መጠለያ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። ከ6,900 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። ከሐረር በስተደቡብና ደቡብ ምሥራቅ፣ የኤረርን፣ የጎበሌን፣ የዳካታንና የፋፈንን ሸለቆዎች ይዞ እስከ ሶማሌ ክልል ይደርሳል። መጠለያ ስለተባለ አጥር ያለው፣ ዝሆኑ ታስሮ ሣር የሚቀርብለት ቦታ አይምሰልዎት። ክፍት ቆላ ነው። ውስጡ ሰው ይኖራል፣ ያርሳል፣ ግመልና ፍየል ያግዳል። ዝሆኖቹ በአፍሪካ ቀንድ ከቀሩት ምሥራቃዊዎቹ ናቸው። ቁልቋል ይበላሉ፤ እሾኹ አያስቆማቸውም። በጣም የታደኑ ስለሆኑ ሰው ሲሸታቸው ወይ ጥቅጥቅ ያለው ቁጥቋጦ ውስጥ ይሰወራሉ ወይ ይቆጣሉ። ማየት ይቻላል፤ ግን በእግር፣ በሙቀት፣ ለረጅም ሰዓት፣ አካባቢውን ከሚያውቅ ስካውት ጋር ነው። ከጅማ ተነስተው በአዲስ አበባ አድርገው፣ ድሬዳዋና ሐረርን አልፈው፣ ከ9 ዓመት ልጅ ጋር ለዚያ? እኔ አልመክርም። ሐረርን ለማየት ከሄዱ ግን አንድ ቀን ይጨምሩበት። ዝሆኑ ቢጠፋ እንኳ የዳካታ ሸለቆ የድንጋይ ዓምዶች አይጠፉም።

የቀሩትን የአገራችንን ቦታዎች ቶሎ ልለፋቸው። ማጎና ኦሞ ፓርኮች ዝሆን አላቸው፤ ግን ጥቂት ነው፣ ጎብኚ የሚያየውም ከስንት አንዴ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ለሕዝቦቹ ባህል ብሎ ይሂድ። ጋምቤላ ላይ ዝሆኑ ከደቡብ ሱዳን ጋር ይመላለሳል፤ እዚያ ዋናው ትዕይንት በብዙ ሺህ የሚጓዘው ነጭ ጆሮ ቆርኬ ነው። ቃፍታ ሽራሮ በተከዜ ዳር ሰሜናዊውን መንጋ ይዟል፤ የድንበር አካባቢ ስለሆነ አሁን ለቤተሰብ ሽርሽር አይሆንም።

ኬንያ ሌላ ዓለም ነው። የሚለየው በዝሆን ብዛት ብቻ አይደለም። ዝሆኑ መኪና ለምዷል። አምቦሴሊ የተባለው ፓርክ 392 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከጨበራ ግማሽ እንኳ አይሞላም። መሬቱ ግን ገላጣ ነው፤ ከኪሊማንጃሮ ሥር የሚፈልቀው ውሃ ረግረጎቹን ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ያደርጋቸዋል። ሲንቲያ ሞስ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የዚያን ቦታ ዝሆኖች በቤተሰብ በቤተሰብ፣ በየስማቸው መዝግባለች። ስለዚህ አያት፣ እናት፣ ልጅ ተከታትለው በመኪናዎ አጠገብ ሲያልፉ ያያሉ። ከናይሮቢ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያለው ደረቅ ወቅት ጥሩ ነው። ያ ደግሞ ከእኛ የክረምት እረፍት ጋር ይገጥማል፤ ጨበራ በሣር ሲሸፈን አምቦሴሊ ይከፈትልዎታል። ሰፊ ነገር የሚወዱ ከሆነ ጻቮ አለ፤ ዝሆኖቹ በቀዩ አፈር ስለሚንከባለሉ ቀይ ሆነው ነው የሚታዩት።

ለልጆች ግን እኔን ካሉኝ ናይሮቢ ያለው የሼልድሪክ የሙት ልጅ ዝሆኖች ማሳደጊያ ይበልጣል። ዳፍኒ ሼልድሪክ እ.ኤ.አ. በ1977 ያቋቋመችው ድርጅት ነው የሚያስተዳድረው። እናታቸው የታደነችባቸው፣ በድርቅ የተለዩ፣ ጉድጓድ ውስጥ ወድቀው የተገኙ ግልገሎች እዚያ ያድጋሉ። አረንጓዴ ካፖርት የለበሱ ጠባቂዎች በትልቅ ጡጦ ወተት ያጠጧቸዋል፤ ሌሊትም በረታቸው ውስጥ አብረዋቸው ይተኛሉ። ግልገል ዝሆን ብቻውን ከተተወ በሐዘን ምግብ ሊተው ይችላል። ጎብኚ የሚገባው በቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ፣ ያውም አስቀድሞ ቦታ ይዞ። አጠር ማለቱ ለጎብኚው ቅር ሊል ይችላል፤ የቦታው ጥሩነት ግን እዚያው ላይ ነው። ዝሆኖቹ ሲጎለምሱ ወደ ጻቮ ይወሰዱና ቀስ በቀስ ከዱር መንጋ ጋር ይቀላቀላሉ።

ይሄ ነው ወደ ታይላንዱ ጉዳይ የሚያመጣኝ። ዝሆን ፈረስ አይደለም፤ ሰው ለመሸከም ተመርጦ፣ በትውልድ ተለምዶ አልመጣም። ሰው እንዲቀመጥበት የሚደረገው ገና ግልገል ሳለ ከእናቱ ተለይቶ፣ በጠባብ ቦታ ታስሮ፣ ተመትቶና ተርቦ እምቢታው ሲሰበር ነው። በኋላ ጎብኚው የሚያየው ጨዋ ዝሆን ያ ያለፈበት ነው። ኳስ የሚመታ፣ ሥዕል የሚሥል፣ ከሰው ጋር ፎቶ ለመነሳት የሚንበረከክ ዝሆን ካዩ ታሪኩ ያው ነው። በእስያም ቢሆን ደህና ቦታ አለ። እዚያው ታይላንድ፣ ቺያንግ ማይ ከተማ አጠገብ ያለው የዝሆን የተፈጥሮ ፓርክ መቀመጥን አይፈቅድም፤ ከሥራና ከትርዒት የወጡ ዝሆኖችን ይጦራል። ስሪላንካ ውስጥ ደግሞ ሚኔሪያ ላይ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስከረም በመቶዎች የሚቆጠሩ የዱር ዝሆኖች ግድቡ ዳር ይሰበሰባሉ፤ ያንን ለማየት ማንም ማንንም አይሰብርም።

የትኛውንም መጠለያ ከመክፈልዎ በፊት ደውለው አራት ነገር ይጠይቁ፦ መቀመጥ ይቻላል ወይ? አብሮ መታጠብ ይቻላል ወይ? ግልገሎቹ ከየት መጡ? ዝሆኑ ዛሬ ሰው ማየት ባይፈልግ የሚሄድበት ቦታ አለው ወይ? ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «አዎ» ካሉዎት ይተዉት። ሦስተኛው ላይ ከተድበሰበሰ ይተዉት።

ገንዘቡ ለአንድ ጉዞ ብቻ ከበቃ ግን ከጨበራ ይጀምሩ። ሦስት ቀን ይያዙ እንጂ ሁለት አይሁን፤ አንድ ማለዳ ባዶ ቢሆን ሌላ ማለዳ ይኖራል። ልብስ ሲመርጡ ሰማያዊና ጥቁር ይተዉ፤ የቆላ ዝንብ ሁለቱን ቀለሞች ይወዳል፣ ንክሻውም ያማል። እጀ ሙሉ ካኪ ወይም ቡናማ ይሁን። ቆላ ስለሆነ የወባ ነገር አለ፤ አጎበር ይያዙ፣ የልጆቹን የመከላከያ መድኃኒት ጉዳይ ጅማ ላይ ሐኪም ያማክሩ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይቻልም። የሩቅ ማያ መነጽር (ባይናኩላር) ግን ከየትም ተውሰው ይያዙ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ከተገኘ መኪናው ውስጥ ሰላም ይሆናል። ቦታ የሚይዙት ለገና ከሆነ እስከ ኅዳር መጨረሻ ይደውሉ። ሎጁ ያኔ በአዲስ አበባ ሰው ይሞላል።